የፍላጻው ሰገባና የጦጣዋ ቆዳ

የጃፓንን የፍላጻ ሰገባ «ያማረ ጌጥ ነው» ብለው የሚያልፉ የኪነ ጥበብ ተመልካቾች ጥቂቶች አይደሉም። የቅቡን ማብረቅረቅ፣ የገመዱን አጠላለፍ፣ የዕድሜውን ርዝመት ይዘረዝሩልናል፤ ለምን እንደተሠራና ማን ምን እንደከፈለበት ግን አይነግሩንም። ይህ አድናቆት አይደለም፤ ዕቃውን ከሕይወት መነጠል ነው።

የሰገባውን መልክ የወለደው አገልግሎቱ ነው። «ኤቢራ» የተባለው ክፍት ነው። የፍላጻዎቹ ስለት ከታች ባለው ሣጥን መሰል መያዣ፣ በቀጫጭን ዘንጎች ርብራብ መካከል ይሰካል፤ አገዳቸው ከላይ በገመድ ይታሰራል። ተዋጊው በቀኝ ወገቡ ይታጠቀዋል፤ እጁን ወደ ትከሻው ሳያነሣ አገዳውን ከስለቱ በላይ ይዞ ይመዘዋል። «ኡትሱቦ» ግን ዝግ ነው። ላባው በዝናብ ከራሰ ፍላጻው አቅጣጫውን ይስታልና መላ አካሉ ይሸፈናል፤ ብዙ ጊዜም ጠጕራም የአውሬ ቆዳ ይለብሳል። እንግዲህ ጠጕሩ ከጌጥነቱ በፊት መከላከያ ነው።

ቆዳው ከማን ተገፈፈ? ይህን የጠየቀው «ኪዮገን» የተባለው አስቂኝ ቴያትር ነው። «ኡትሱቦዛሩ» በተባለው ተውኔት አንድ መስፍን ከጦጣ አጫዋች ጋር በመንገድ ይገናኛል። «ለሰገባዬ ልባስ የጦጣህን ቆዳ አውሰኝ» ይለዋል። አጫዋቹ እምቢ ቢል መስፍኑ ሁለቱንም በፍላጻ ሊወጋ ይዝታል። ድኻው የገዛ እንጀራውን ሊገድል ዱላውን ሲያነሣ፣ ጦጣዋ የጨዋታ ምልክት መስሏት ዱላውን ትቀበልና እንደ ጀልባ ቀዛፊ መቅዘፍ ትጀምራለች። አጫዋቹ ያለቅሳል፤ መስፍኑም ልቡ ራርቶ ይምራታል። በመጨረሻ ራሱ መስፍኑ ጦጣዋን እየመሰለ ይጨፍራል።

«እነሆ፣ የመስፍኑ ርኅራኄ ተወደሰ» የሚሉ አሉ። ከቶ አይደለም! የአንዱ ሕይወትና እንጀራ በሌላው ልብ መራራት ላይ ከተንጠለጠለ፣ ተውኔቱ የሚያጋልጠው የሥልጣኑን ልክ ማጣት ነው። ሣቁም ከዚሁ ይመነጫል።

ውበትንስ እንክዳለን? አንክድም። እ.ኤ.አ. በ1184 በኢኩታ ውጊያ ካጂዋራ ካጌሱዌ የተባለ ጦረኛ የፕሪም አበባ ቅርንጫፍ በሰገባው ሰክቶ እንደተዋጋ ይተረካል፤ «ኤቢራ» የተሰኘው የ«ኖ» ተውኔት የቆመው በዚሁ ትረካ ላይ ነው። አበባው ልብ የሚነካው ከሚገድሉ ፍላጻዎች ጎን በመሰካቱ ነው። ፍላጻዎቹን ከረሳን ግን የቀረን አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1543 ጠመንጃ ጃፓን ከገባ በኋላ ቀስት በጦር ሜዳ የነበረውን ስፍራ ቀስ በቀስ ለቀቀ፤ ሰገባውም የመሳፍንት ሰልፍ ማድመቂያ ሆነ። ዛሬ በቤተ መዘክር መስተዋት ውስጥ ተቀምጧል። እዚያ መቀመጡ ጥፋት አይደለም፤ ጥፋቱ ጥያቄውም አብሮት መቆለፉ ነው። መምህሩ ሲያስተምር፣ ሠዓሊው ሲሥል፣ ባለሙያው መግለጫ ሲለጥፍ «ለምን ተሠራ? ማንስ ከፈለበት?» ብሎ ይጠይቅ። ያለዚህ ጥያቄ የተደነቀ ቅርስ ፍላጻ የሌለው ሰገባ ነው።