የባሕር ዳር–ጎንደር የእግረኛና የብስክሌት መንገድ በፎገራ ሜዳ እንዴት ይለፍ?

በግንቦት 2016 ዓ.ም የተመረቀው አዲሱ የባሕር ዳር የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት አለው። ከተሽከርካሪ መተላለፊያው በተጨማሪ ለእግረኛና ለብስክሌት የተለየ መስመር ተሠርቶለታል። ድልድዩን ተሻግሮ በሐሙሲት በኩል ወደ ወረታ የሚዘልቅ እግረኛ ግን ከከተማ ሲወጣ የሚጠብቀው የአስፋልቱ ጠርዝ ነው።

ወረታ የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገዶች የሚለያዩባት ከተማ ናት። በገበያ ቀን ሩዝና ሽንኩርት በአህያ የጫነው አርሶ አደር፣ ተማሪው፣ ባጃጁና ከባድ መኪናው አንዱን መንገድ ይጋራሉ። ከተማን ከከተማ የሚያገናኝ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ሲነሣ ብዙዎች የቱሪስት ጉዳይ ይመስላቸዋል። በፎገራ ግን በቅድሚያ የአርሶ አደሩ ጉዳይ ነው።

በ2012 ዓ.ም ይፋ የሆነው አገር አቀፍ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ ይበልጥ የሚያተኩረው በከተሞች ላይ ነው። በሁለት ከተሞች መካከል ላለው የገጠር መንገድ ማሰብ የወረዳዎች ድርሻ ይሆናል። እዚህ ላይ ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ።

የመጀመሪያው መሬት ነው። 3 ሜትር ስፋት ያለው መንገድ በየ10 ኪሎ ሜትሩ 3 ሄክታር ይወስዳል። ቤተሰብ በጥቂት ጥማድ በሚኖርበት ሜዳ ይህ ቀላል አይደለም። ስለዚህ በቅድሚያ መታየት ያለበት በአስፋልቱ ግራና ቀኝ የተከለለው የመንገድ ይዞታና ነባሩ የቀበሌ መንገድ ነው። በጀርመን ከዱይስበርግ እስከ ሃም እንዲዘረጋ የታቀደው 101 ኪሎ ሜትር የብስክሌት መንገድም በከፊል ያረፈው ባቡር መመላለስ ባቆመበት የሐዲድ መሬት ላይ ነው። ማሳ መንካት ግድ ከሆነ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ካሳው ሊከፈል ይገባል።

ሁለተኛው ውኃ ነው። ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው ወደ ሜዳው ይፈስሳሉ። በቂ የውኃ ማሳለፊያ ቱቦ የሌለው ከፍ ያለ መንገድ እንደ ግድብ ይሆናል፤ በአንድ ወገን ሰብል ውኃ ተኝቶበት ሲበላሽ በሌላው ወገን ሩዙ ውኃ ይጠማዋል። ዝቅ ብሎ ከተሠራ ደግሞ መንገዱ ራሱ በጎርፍ ይወሰዳል። ቱቦው የት መቀበር እንዳለበት በነሐሴ ውኃው የሚያልፍበትን ከሚያውቀው ባለማሳ በላይ የሚናገር የለም።

ከባሕር ዳር እስከ ጎንደር የሚዘልቅ ጉዞ በጀትም አስተማማኝ ሰላምም ይጠይቃል። ከወረታ ተነሥቶ ወደ ጉማራና ወደ ርብ ድልድዮች የሚወስደውን የገበያና የትምህርት ቤት መንገድ ማስቀደም ግን ይቻላል። የወረዳ ባለሙያዎች በገበያ ቀን የሚያልፈውን እግረኛ፣ ብስክሌትና የጭነት እንስሳ ቢቆጥሩ፣ ጎርፍ የሚሻገርባቸውንም ቦታዎች ከአርሶ አደሩ ጋር ምልክት ቢያደርጉ፣ ቀጣዩ የመንገድ ጥገና ሲነደፍ የሚያቀርቡት ማስረጃ በእጃቸው ይኖራል። ንድፉ ካለቀ በኋላ የሚቀርብ ጥያቄ ግን ሰሚ አያገኝም።