«ኢንተርኔት የለም» ሰበብ ነው

«እስረኛ ዌብሳይት መሥራት ይማር? ኢንተርኔት ሊለቀቅለት ነው እንዴ?» የሚል ሰው ዌብሳይት እንዴት እንደሚሠራ አያውቅም። ኤችቲኤምኤል፣ ሲኤስኤስና ጃቫስክሪፕት ለመጻፍ አንድ ኮምፒውተርና አንድ ብራውዘር ይበቃል፤ የጻፍከው ገጽ ያለ ኔትወርክ እዚያው ይከፈታል።

ወሬ አይደለም። ካሊፎርኒያ፣ ሳን ኩዌንቲን እስር ቤት ውስጥ፣ «ዘ ላስት ማይል» የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ለታራሚዎች ኮዲንግ ማስተማር ሲጀምር ኢንተርኔት አልነበራቸውም። ተማሩ፤ ተፈተው በሙያው የተቀጠሩም አሉ።

እኛ ጋ ማረሚያ ቤት ሽመናና እንጨት ሥራ ያስተምራል። ጥሩ ሙያ ነው፣ ይቀጥል። ግን ውጭ ያለው ወጣት «5 ሚሊዮን ኮደሮች» ተብሎ ሲጋበዝ፣ ውስጥ ያለውን ምን በወጣው እንርሳው? ነገ ተፈቶ የሚመጣው እኮ እኛው ሰፈር ነው።

ኮድ ብቻውን ግን እንጀራ አይሆንም። ቀጣሪው ገና ከበር «የፖሊስ አሻራ አምጣ» ካለ፣ የተማረው ሁሉ ከንቱ ነው። ስለዚህ ማረሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ያስገባ፤ ቀጣሪውም መጀመሪያ ሰውየው የሠራውን ይይ፣ ስላለፈው በኋላ ይጠይቅ። ቅጣቱን የጨረሰን ሰው ድጋሚ የምንቀጣ ከሆነ፣ ቤቱን «ማረሚያ» ማለታችንን እንተው።