በር ጠባቂው ለማን ይታዘዛል?

የአይፎን ወዳጆች ክርክራቸውን የሚከፍቱት በአንዲት ቃል ነው፤ ደኅንነት። አፕል ያልመረመረው መተግበሪያ ስልካቸው ውስጥ አይገባም፤ ስለዚህም ሌባውም ሰላዩም ከደጅ ይቀራል ይሉናል። ክርክሩ ውኃ የማያነሳ ነው አልልም። ቴሌግራም ላይ ያገኘውን ሐሰተኛ የባንክ መተግበሪያ በአንድሮይድ ስልኩ ጭኖ ገንዘቡን ላጣ ሰው ስለ ነጻነት መስበክ ያሳፍራል።

የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ይህ በር ጠባቂ መንግሥት መጥቶ «ያንንም አስወጣልኝ» ሲለው የማንን ቃል ይሰማል?

እስካሁን የሰማው የማንን እንደሆነ እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በ2017 አፕል የቪ.ፒ.ኤን. መተግበሪያዎችን ከቻይና መደብሩ አነሳ። በኦክቶበር 2019 ሆንግ ኮንጎች የፖሊስን እንቅስቃሴ ይከታተሉበት የነበረውን የካርታ መተግበሪያ፣ የቻይና ኮሙኒስት ፓርቲ ጋዜጣ ባወገዘው ማግስት አስወገደ። በሴፕቴምበር 2021 ደግሞ የሩሲያ ፓርላማ ምርጫ በተጀመረበት ዕለት የአሌክሲ ናቫልኒ ወገኖች ለመራጩ ያዘጋጁት መተግበሪያ ከመደብሩ ጠፋ። «ይህ የአምባገነኖች አገር ወግ ነው» የሚለኝ ቢኖር ወደ ዋሽንግተን ይመልከት፤ በኦክቶበር 2025 የኢሚግሬሽን ፖሊሶች የታዩበትን ስፍራ የሚጠቁመው አይስብሎክ የተነሣው የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ስለጠየቀ ነው።

ጉግልም ጻድቅ አይደለም። የናቫልኒን መተግበሪያ በዚያው ዕለት እርሱም አውጥቶታል። ልዩነቱ ከኩባንያዎቹ ምግባር ሳይሆን ከቤቱ አሠራር ነው፤ አንድሮይድ ጓሮ በር አለው። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአገራችን ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ተገድበው ሳለ፣ እኔ ቪ.ፒ.ኤን. ያገኘሁት ከማንም መደብር አልነበረም። አንድ ወዳጄ ፋይሉን በብሉቱዝ ላከልኝ፤ ቡናችን ሳይቀዘቅዝ ጫንኩት። አይፎን የያዘው ጓደኛችን መደብሩ ክፍት ስለነበር አልተቸገረም። መደብሩ ቢዘጋበት ኖሮ ግን ከወዳጄ የሚቀበለው ነገር አልነበረም።

አውሮፓውያን ይህን ተረድተው ሕግ አወጡ፤ ከማርች 2024 ጀምሮ አፕል በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሌሎች መደብሮችን ለመፍቀድ ተገደደ (ያውም ከነቅድመ ሁኔታው፣ ከነክፍያው)። አዲስ አበባ ላይ የተገዛ አይፎን ግን የዚህ መብት ተካፋይ አይደለም።

እኔን የሚያሳስበኝ የጓሮው በርም መጥበብ መጀመሩ ነው። ጉግል በኦገስት 2025 ባወጣው መግለጫ፣ ማንነቱን ያላስመዘገበ ሰው የሠራው መተግበሪያ ኩባንያው በሚያረጋግጣቸው የአንድሮይድ ስልኮች ላይ እንደማይጫን፣ ይህም በሴፕቴምበር 2026 በአራት አገሮች ተጀምሮ ወደ ቀረው ዓለም እንደሚዳረስ አስታወቀ። ተቃውሞ ሲበረታበት «ለዐዋቂ ተጠቃሚዎች መንገድ እተዋለሁ» አለ። ምክንያቱ? ያችው ደኅንነት! ያስጠንቅቁኝ፤ «እርግጠኛ ነህን?» ብለው ሦስት ጊዜ ይጠይቁኝ። ነገር ግን ለመንግሥቱ የማይጥም መተግበሪያ የሚሠራ ወጣት መታወቂያውን ለማን አስረክቦ ነው ደኅና የሚያድረው?