ናሙናው የማን ነው? በአነስተኛ ኮሌጆች ጀማሪ ተመራማሪዎችን ስለማማከር

በባዮሜዲካል ሳይንስ አንድ ጀማሪ ተመራማሪ ራሱን ችሎ እስኪቆም ድረስ የሚያስፈልገው ድጋፍ አብዛኛውን ጊዜ በመሣሪያና በገንዘብ ይለካል። የሁለቱ አስፈላጊነት አያከራክርም። ይሁን እንጂ የትኛው ጥያቄ መጠናት እንዳለበት፣ ናሙናው የማን እንደሆነና ውድቅ የተደረገ ፕሮፖዛል እንዴት ተሻሽሎ እንደሚቀርብ የሚያስተምረው ሰው እንጂ መሣሪያ አይደለም። በዚህ አጭር ጽሑፍ የማቀርበው ሐሳብ፣ በአነስተኛ ኮሌጆች የሚሠሩ ጀማሪዎችን ማማከር ከታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች እንዳለ የሚቀዳ አሠራር መሆን የለበትም የሚል ነው። ለማሳያነት የወሰድሁት በዩናይትድ ስቴትስ የሚገኙትን የጎሳ ኮሌጆች ነው (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

የጎሳ ኮሌጆች የሚባሉት በአሜሪካ ነባር ሕዝቦች የተቋቋሙና በእነርሱ የሚተዳደሩ የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ናቸው። የመጀመሪያው፣ ዛሬ ዲኔ ኮሌጅ ተብሎ የሚጠራው፣ በ1968 በናቫሆ ሕዝብ ተመሠረተ። በ1978 የወጣ ሕግ ለእነዚህ ተቋማት የፌዴራል ድጋፍ የሚያገኙበትን መንገድ ከፈተ፤ ዛሬ ቁጥራቸው ከ30 በላይ ነው። አብዛኞቹ ከትልልቅ ከተሞች የራቁና የተማሪዎቻቸው ብዛት አነስተኛ የሆነ ተቋማት ናቸው። የመምህሩ ዋና ሥራ ማስተማር ሲሆን ምርምር የሚሠራው ከማስተማሩ በተረፈችው ሰዓት ነው። ሦስተኛ ዲግሪውን ጨርሶ ወደዚያ የሚሄድ ወጣት በአጠገቡ ያለፈበትን መንገድ የሚያሳየው፣ በዘርፉ የበሰለ ባልደረባ ላያገኝ ይችላል።

ለዚህ ችግር የተለመደው መፍትሔ ጀማሪውን በሩቅ ካለ ታላቅ ዩኒቨርሲቲ ምሁር ጋር ማገናኘት ነው። የአገሪቱ ብሔራዊ የጤና ተቋም ከ1993 ጀምሮ፣ ከፌዴራሉ የምርምር ገንዘብ አነስተኛ ድርሻ የሚደርሳቸውን ክፍለ ግዛቶች የሚደግፍ መርሐ ግብር አለው። በዚህም ትልልቅ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች ከአነስተኛና ከጎሳ ኮሌጆች ጋር በአንድ መረብ እንዲሠሩ ይደረጋል። በ2014 ደግሞ ለምርምር አማካሪነት ብቻ የቆመ አገር አቀፍ መረብ ተመሥርቷል። ጅምሮቹ የሚመሰገኑ ናቸው። ነገር ግን ዕውቀት ከታላቁ ወደ ትንሹ ብቻ ይፈስሳል በሚል ግምት ከተመሩ ዋናውን ነገር ይስታሉ። ለምን እንደሆነ የሃቫሱፓይ ሕዝብ ታሪክ ያስረዳል።

ሃቫሱፓይ በግራንድ ካንየን ውስጥ የሚኖሩ፣ ቁጥራቸው ጥቂት መቶ የሆነ ሕዝብ ናቸው። በ1990 የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በማኅበረሰቡ እየበዛ የሄደውን የስኳር ሕመም ለማጥናት የደም ናሙና መውሰድ ጀመሩ። የፈቃድ ቅጹ የባሕርይና የሕክምና ችግሮችን መንስኤ ስለማጥናት በሰፊው ይናገር ነበር፤ የናሙናው ባለቤቶች የተረዱት ግን ጥናቱ ስለ ስኳር ሕመም እንደሆነ ነበር። ናሙናው ቆይቶ ስለ ስኪዞፍሬኒያ፣ ስለ ዘመዳሞች ጋብቻና ስለ ሕዝቡ ጥንታዊ ፍልሰት ለሚያጠኑ ሥራዎችም ዋለ። ጉዳዩ አደባባይ የወጣው በ2003፣ በአንድ የዶክትሬት ተማሪ የመመረቂያ ጥናት አቀራረብ ላይ ነው። በአዳራሹ የተገኘች አንዲት የሃቫሱፓይ ተወላጅ ለዚህ ሥራ ፈቃድ ተገኝቶ እንደሆነ ጠየቀች። ክርክሩ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2010 በስምምነት ተቋጨ፤ ዩኒቨርሲቲው ለ41 የጎሳው አባላት 700,000 ዶላር ለመክፈልና የቀረውን ናሙና ለመመለስ ተስማማ።

ይህ ታሪክ ብዙውን ጊዜ በሥነ ምግባር ኮርስ የሚነገረው ስለ ፈቃድ ቅጽ ትምህርት እንዲሆን ነው። እኔ ግን ስለ ማማከርም የሚናገር ይመስለኛል። ያ ጥያቄ በመጨረሻው ቀን ከታዳሚ ወንበር የተነሣው ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ማንሣት የነበረበት ሰው ስላላነሣው ነው። ቤተ ሙከራው የተሟላ፣ ምሁራኑም ልምድ ያላቸው ነበሩ። የጎደለው ናሙናው የማን እንደሆነ ከማኅበረሰቡ ወገን ሆኖ የሚያውቅ አማካሪ ነው። እንዲህ ያለው አማካሪ ደግሞ በብዛት የሚገኘው በአነስተኛው ኮሌጅ እንጂ በታላቁ ዩኒቨርሲቲ አይደለም።

የናቫሆ ሕዝብ የራሱ የምርምር ገምጋሚ ቦርድ አለው። ቦርዱ የሚመለከተው ፕሮፖዛሉን ብቻ ሳይሆን ከመታተሙ በፊት የጥናቱን ጽሑፍ ጭምር ነው። ከ2002 ጀምሮም በግዛቱ የዘረመል ምርምር እንዲታገድ ተወስኗል። ከውጭ ለሚመጣ ተመራማሪ ይህ ሁሉ የጊዜ ማባከኛ ሊመስለው ይችላል። እዚያው ለሚያስተምር ሰው ግን ምርምር ከማን ጋርና ለማን እንደሚሠራ የሚማሩበት ትምህርት ቤት ነው።

አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ የባዮሜዲካል ምርምር ውድ ስለሆነ አነስተኛ ኮሌጆች ማስተማር ላይ ቢያተኩሩና ምርምሩን አቅሙ ላላቸው ቢተዉ አይሻልም ወይ የሚል። ክርክሩ ክብደት አለው፤ ሁሉም ኮሌጅ ውድ መሣሪያ ይኑረው ማለት አይቻልም። ሆኖም አንዳንድ ጥያቄዎች የሚታዩት ከቅርብ ነው። በ1993 በናቫሆ ምድርና በአካባቢው ድንገተኛ የመተንፈሻ አካል ሕመም ወጣቶችን ሲገድል፣ የአገሩ ሽማግሌዎች ዝናብ በበዛበት ዓመት የጥድ ፍሬው እንደሚበዛ፣ ፍሬው ሲበዛም አይጥ እንደሚበዛና በሽታ እንደሚከተል ይናገሩ ነበር። መንስኤው በአይጥ የሚተላለፍ የሃንታ ቫይረስ ሆኖ ተገኘ። በዚያው ምድር ከ500 በላይ የተተዉ የዩራኒየም ማውጫዎች አሉ፤ የጉድጓድ ውኃን ብክለት ዓመት ከዓመት መከታተል የአካባቢውን ሰው ጽናት ይጠይቃል።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን ሐሳብ አድርጌ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ የማማከር ሰዓት በመምህሩ የሥራ ጫና ውስጥ ይቆጠር። በሴሚስተር አራትና አምስት ኮርስ ለሚያስተምር ሰው ያልተቆጠረ ሰዓት የሌለ ሰዓት ነው። ሁለተኛ፣ አማካሪነት በአንድ ሰው ትከሻ ላይ አይጣል፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ ስለ ዘዴው ከሩቅ ዩኒቨርሲቲ፣ ስለ ማስተማሩ ከኮሌጁ ባልደረባ፣ ስለ ጥያቄው ፋይዳ ከማኅበረሰቡ የሚመክር ይኑር፤ የማኅበረሰቡ አማካሪም እንደ ሌሎቹ ይከፈለው። ሦስተኛ፣ ውጤቱ ወደ ታላላቅ ተቋማት በተሻገሩት ሰዎች ብቻ አይለካ። እዚያው ቆይቶ ሁለት ተማሪ ያፈራ መምህርም ከስኬት ይቆጠር።

በእኛ ቋንቋ «አማካሪ» የሚለው ስም የመጣው ከምክር ነው። በተግባር ግን ብዙ ጊዜ በመመረቂያ ጽሑፍ ላይ የሚፈርመውን ሰው ብቻ ያመለክታል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቻችን ቁጥር ከ40 በላይ በሆነበት በዚህ ጊዜ፣ ብዙዎቻችን ሁለተኛ ዲግሪያችንን እንደያዝን በአዳዲሶቹ ተቋማት የምናስተምር፣ ገና ሳንመከርም የምንመክር እንሆናለን። የጎሳ ኮሌጆች ታሪክና የእኛ ታሪክ አንድ አይደለም፤ እነርሱ በገዛ ምድራቸው ከተነጠቀ ሕዝብ የራስን ዕድል የመወሰን ትግል የተወለዱ ናቸው። ትምህርቱ ግን ይሻገራል። በቅርቡ የአማካሪነት ወንበር የምንረከብ ሁሉ፣ ተማሪያችን ናሙናውን ከማቀዝቀዣ ከማውጣቱ በፊት የማን እንደሆነ መጠየቅን ከመጀመሪያው ሳምንት ሥራ እናድርገው።