አሜሪካ ይርቃል ወይስ ጃናሞራ?

ባለፈው በኅብረተሰብ ክፍለ ጊዜ መምህራችን «ዘመድ ካላችሁባቸው ቦታዎች ከጎንደር በጣም ሩቁ የት ነው?» ብለው ጠየቁን። አንዱ ካናዳ አለ፣ አንዷ ዱባይ አለች። እኔ «አያቴ ቤት፣ ጃናሞራ» ስል ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ። አክስቴ አሜሪካ እንዳለች ስለሚያውቁ ነው። ያኔ አፍሬ ዝም አልኩ፤ አሁን ግን በጽሑፍ እመልሳለሁ።

አክስቴ የምትኖረው ዋሽንግተን ነው። ከዚያ እስከ አዲስ አበባ በአየር 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አውሮፕላኑ ሳያርፍ 13 ሰዓት ገደማ ይበራል። ስትመለስ ግን ይረዝምባታል። ቦሌ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ አውሮፕላኑ ለዚያ ሁሉ መንገድ የሚበቃ ነዳጅና ሙሉ ሰው ይዞ መነሳት ይከብደዋል። ስለዚህ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይቀዳል። ነፋሱም ከፊት ይመጣበታል። እኔ እኮ መሄጃና መመለሻ እኩል ይመስለኝ ነበር!

ከአዲስ አበባ አዘዞ ደግሞ አንድ ሰዓት ነው። በመኪና ቢሆን 730 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ዓባይ በረሃን ወርዶ ወጥቶ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። አውሮፕላን ግን በላዩ ቀጥ ብሎ ስለሚያልፍ ወደ 420 ኪሎ ሜትር ብቻ ይበራል። አክስቴ ባለፈው ዓመት ስትመጣ፣ ቦሌ የጠበቀችው ተጨምሮ፣ አንድ ቀን ሳይሞላ ጎንደር ገባች።

አሁን አያቴ ጋ እንሂድ። ጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ነው፣ እሱ ቀላል ነው። ጉዱ ከደባርቅ በኋላ ነው። መኪና እስኪሞላ ትጠብቃላችሁ፣ እዚያው ታድራላችሁ፣ በማግስቱ የቧሂትን ዳገት በብርድ እየተንቀጠቀጣችሁ ታልፋላችሁ፣ ከመኪና ከወረዳችሁ በኋላ ደግሞ በእግር ሦስት ሰዓት። ሁለት ቀን ሙሉ!

አክስቴ የመጣችው ለአሥር ቀን ነበር። እናቴ «እማዬ ጋ እንሂድ» ስትላት «ሩቅ ነው፣ ቀኑ አይበቃኝም» አለች። አያቴ ጠላ ጠምቃ፣ ዶሮ አስራ እየጠበቀች ነበር። አክስቴን እወዳታለሁ፣ ጫማም አምጥታልኛለች፣ በዚህ ግን አልስማማም። እርግጥ እግሯ ዳገት ለቋል፤ ግን በቅሎ ይገኛል። ሒሳቡን ሠራሁት። መሄጃ ሁለት፣ መመለሻ ሁለት፣ አራት ቀን ነው። ከአሥር ላይ ቢቀነስ ስድስት ይተርፋል። እኛ ግን ፋሲል ግንብ ሁለት ጊዜ ሄደን ፎቶ ተነሣን።

ስለዚህ የኔ ሐሳብ፣ ርቀት ስንማር ከኪሎ ሜትሩ ጎን ስንት ሰዓት እንደሚፈጅም ይጻፍልን። ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ክፍሉ አይስቅብኝም ነበር።

አክስቴ ከተመለሰች በኋላ አያቴ ኔትወርክ ያለበት ጉብታ ላይ ወጥታ ደወለች። «ለመሆኑ አሜሪካ ከእናንተ ስንት ቀን ያስኬዳል?» አለችኝ።

«አንድ ቀን» አልኳት።

ትንሽ ዝም አለችና «ውይ! ቅርብ ነው እንዴ?» አለች።