«ፊደላችን ኩራታችን» ብለህ በላቲን ጻፍክልኝ

ሰሞኑን እዚሁ ገጽ ላይ የብራና መጽሐፍ ፎቶ ተለጥፎ ነበር፣ ታስታውሳለህ አይደል? እኔ ከሥሩ ያለውን ኮሜንት ሳነብ ዋልኩ። ስራ የለኝም፣ ጊዜ ሞልቶኛል። «በዓለም ላይ የራሳችን ፊደል ያለን እኛ ብቻ ነን» የሚል አለ (እኛ ብቻ እንኳን አይደለንም፣ እሱን ሌላ ቀን እናወራለን)። «ፊደላችን ኩራታችን» የሚል አለ፣ ባንዲራና እሳት የደረደረ አለ። ግን ከግማሽ የሚበልጠው ኮሜንት በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ ነው። ስለ ፊደላችን ስንኮራ እንኳን በሰው ፊደል ነው የምንኮራው።

አትቆጣ ወንድሜ፤ እህቴ አንቺም። እኔም እስከ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ድረስ እንደዛው ነበርኩ። መጀመሪያ ላይ ደግሞ ምክንያት ነበረን። የታላላቆቻችን ባለ ቁልፍ ሞባይል አብዛኛው ፊደል አያውቅም፣ ሲደርሰው አራት ማዕዘን ሳጥን ነው የሚደረድርልህ። የሚያውቀው ስልክ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። አንድ የጽሑፍ መልእክት በእንግሊዝኛ ፊደል እስከ 160 ሆሄ ይይዛል፣ በአማርኛ ፊደል ከጻፍከው ግን የሚይዘው 70 ብቻ ነው። ከ70 ካለፍክ ሁለት መልእክት ይሆናል፣ የሁለት ትከፍላለህ። ተማሪ ነህ፣ ካርድህ አምስት ብር ናት፣ ምን ታደርጋለህ? በላቲን ትጽፋለህ። በዚህ ማንንም አልወቅስም። ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይ ግን በሆሄ የሚያስከፍልህ የለም። ኪቦርዱም ስልክህ ውስጥ አለ፤ ጂቦርድ ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ አማርኛን መምረጥ ብቻ ነው። ለኮምፒውተር ኪማን የሚባለው በነጻ ይወርዳል። ምክንያቱ ካለቀ ቆየ፣ ልማዱ ነው የቀረው።

ይሄ ፊደል ወደ ማሽን የገባው በቀላሉ አይደለም። የጽሕፈት መኪና ሲመጣ ትልቁ ጭንቀት ከ200 የሚበልጥ ሆሄ አርባ ምናምን ቁልፍ ላይ እንዴት ይቀመጥ የሚለው ነበር። እነ ኢንጂነር አያና ብሩ የደከሙት በዚህ ነው። «ፊደሉ ይቀነስ፣ ይሻሻል» ተብሎ ምሁራን የተከራከሩበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነበር። ኮምፒውተር ሲመጣ ደግሞ እንደገና ከዜሮ ተጀመረ። በኋላ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ፊደላችንን አካተተ፤ ማለትም ሀ የራሷ ቁጥር አላት፣ ሁ የራሷ፣ በየትኛውም አገር በየትኛውም ማሽን ያው ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ «ኒያላ» የሚባል ፎንት ይዞ መጣ። ከዛ በኋላ ቴክኒካል ችግር የሚባለው ባብዛኛው ተፈቷል።

በመካከሉ የነበረው ዘመን ግን ዕዳ ትቶልናል። እሱን ያወቅኩት ትምህርት ቤት አይደለም። አንድ ጓደኛዬ ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት ቤት አለችው፤ እኔ ስራ እስካገኝ ብዬ እዛ እውላለሁ። ሁለት ዓመት «እስካገኝ» ሆነ። አንድ ቀን አንድ አባት ሲዲ ይዘው መጡ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። የተወለዱበትን ወረዳ ታሪክ ጽፈዋል፤ የወንዙን ስም፣ የየጎጡን ስም፣ ማን ከማን እንደተወለደ፣ ሽማግሌዎቹን እየዞሩ ጠይቀው። የነገሯቸው ሰዎች አሁን አብዛኞቹ በሕይወት የሉም። የታተመችዋን አንድ ቅጂ ለአንድ መሥሪያ ቤት ሰጥተው እዛው ጠፍታለች። የቀረው ሲዲው ነው።

ከፈትኩት። ከላይ እስከ ታች የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅልቅ። እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው ስክሪኑን አዩና «ልጄ፣ ይሄን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አሁን እኔም ላነበው አልቻልኩም» አሉኝ።

ምን መሰለህ የሆነው። በዛን ጊዜ አንድ ፎንት የሚይዘው ከ256 የማይበልጥ ቦታ ነው። የኛ ፊደል ከነዲቃላው፣ ከነቁጥሩና ከነነጥቡ ሲቆጠር ከዛ ያልፋል። ስለዚህ ፎንት ሰሪዎቹ በላቲኑ ሆሄ ቦታ ላይ የኛን ሆሄ ስዕል አስቀመጡ፤ አንዳንዶቹ ለሁለት ፎንት ከፈሉት፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ሆሄውን ከሁለት ቁራጭ አጣብቀው ሰሩት። ለዘመኑ ብልሃት ነበር፣ አልንቅም። ችግሩ ኮምፒውተሩ ውስጡ የሚያስቀምጠው ላቲን ነው፤ ፎንቱ ከሌለ ሥዕሉ የለም፣ የሚታይህ ያ ዝብርቅርቅ ነው። ፎንቱ ካምፓኒ በካምፓኒ ይለያያል፣ የአንዱ ሀ የሌላው በ ነው። የዛን ዘመን ጋዜጣ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የእድር ደንብ፣ የፍርድ ቤት ማመልከቻ ብዙው እንዲህ ነው የተቀመጠው። ጎግል ላይ ብትፈልገው አታገኘውም፣ ምክንያቱም ለማሽኑ አማርኛ አይደለም። እዚህ ገጽ ላይ «ታሪካችንን ደበቁብን» የሚል ክርክር ስንቴ አየህ? አንዳንዱን ማንም አልደበቀውም ወዳጄ፤ ፎንቱ ጠፍቶ ነው።

ሌላው ደግሞ የስም ነገር። የአባቴ ስም ውስጥ «ኃይለ» አለ። አንድ መሥሪያ ቤት ለስራ ተመዝግቤ ልጠራ ስሄድ ፀሐፊዋ ስሜን ፈልጋ «አልተመዘገብክም» አለችኝ። ተመዝግቤያለሁ። «ኃይለ» ብላ ፈለገች፣ የለም። «ሀይለ» በይው አልኳት፣ የለም። «ሃይለ» ስትል ወጣሁ። አንተ ስታነበው ሁሉም አንድ ሰው ነው፤ ለማሽኑ ግን ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ኀ፣ ኃ ሁሉም የተለያየ ቁጥር ያላቸው የተለያዩ ሆሄዎች ናቸው። ፀሐይና ጸሀይ፣ ዓለሙና አለሙ፣ ሠናይትና ሰናይት፣ ሁሉም እንደዚሁ። እኔ ስለገባኝ ነው «ሃ ሞክሪ» ያልኳት። ያልገባው ተመልሶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ይሄን ለማስተካከል ደግሞ ፊደል መቀነስ አያስፈልግም፤ ሲስተሙ ሲፈልግ ሞክሼዎቹን እንደ አንድ እንዲቆጥር ማድረግ ነው፣ የግማሽ ቀን ኮድ ነው። ሲስተሙን የሰራው ልጅ የሲሊኮን ቫሊ ሰው አይደለም። እንደኔና እንዳንተ እዚሁ የተመረቀ፣ የአባቱ ስም ምናልባት ኃይለ የሚባል ልጅ ነው። ሲፈትነው በእንግሊዝኛ ስም ፈትኖ አስረከበ።

እዚህ ላይ ነው የሚያናድደኝ። ጎግል ትራንስሌት አማርኛን ሲያበላሽ ስክሪንሾት አድርገን እንስቃለን፣ «ንቀት ነው» እንላለን። ቻትጂፒቲ አማርኛ ሲጽፍ ሲወላገድ እንደዛው። ጎግል አማርኛን እ.ኤ.አ. በ2016 ነው የጨመረው፣ ዘግይቷል፣ እውነት ነው። ግን ማሽኑ የሚማረው ከተጻፈው ነው። የአማርኛው ዊኪፔዲያ 15 ሺህ ገደማ ጽሑፍ ነው ያለው፤ እንግሊዝኛው ከ6 ሚሊዮን በላይ። የቀረውን አማርኛችንን ደግሞ ላቲን ላይ እናፈሰዋለን። «እንዴት ነህ» የሚለውን በላቲን አንተ አንድ ዓይነት ትጽፈዋለህ፣ እኔ ሌላ፣ እሷ በቁጥር ቀላቅላ። ማንበብ እንችላለን፣ ማሽኑ ግን ከዛ ምን ይልቀም? በፊደል ስንጽፍ እንኳን ዋጋው ይከብደናል፤ አንድ የላቲን ሆሄ በማሽን ማህደር ውስጥ አንድ ባይት ስትይዝ የኛ አንዷ ሆሄ ሦስት ትይዛለች። እነዚህ የኤአይ ካምፓኒዎች ደግሞ ጽሑፉን ቆራርጠው በቁራጭ ነው የሚያስከፍሉት፣ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ብዙ ቁራጭ ይሆናል። ይሄኛው በደል ነው፣ እንጩህበት፣ እስማማለሁ። በላቲን እየጻፍን ግን በየትኛው አፍ ነው የምንጮኸው?

አንድ ነገር ላስተካክል። ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ተወልዶ አማርኛ የሚናገር ግን ፊደል ያልቆጠረ ልጅ በላቲን ቢጽፍልህ ይቅርታ አድርግለት፣ ከነጭራሹ ከሚዘጋው ይሻላል። እኔ የምለው ለአንተ ነው፤ ሀ ሁ ሂ ብለህ ያደግክ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ አማርኛ ተፈትነህ ያለፍክ፣ ስልክህ ላይ ኪቦርዱ እያለ «ይዘገየኛል» የምትለው። አዎ ይዘገያል። ሁለት ሳምንት። ከዛ ጣትህ ይለምዳል፣ እኔ ምስክር ነኝ።

ቤታችሁ ውስጥ ደግሞ ፈልጉ። አባትህ ወይም አጎትህ በድሮ ፎንት የጻፉት ፋይል በፍላሽ ወይም በአሮጌ ኮምፒውተር ካለ ቶሎ ቅዳው፤ ፋይሉን ብቻ ሳይሆን ፎንቱንም አብረህ። ፎንቱ ካለ ወደ ዩኒኮድ መቀየር ይቻላል። ሲዲ ደግሞ ለዘላለም አይቆይም፣ ይበላሻል።

የመምህሩን ስራ አሁን እየሰራሁት ነው። ፎንቱን ከሌላ ጽሕፈት ቤት አሮጌ ኮምፒውተር ላይ አገኘሁት፣ ሆሄ በሆሄ ሠንጠረዥ ሰራሁ፣ በፓይተን ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩ፤ አብዛኛው ወጣ። የቸገረኝ ዎርድ የሰራው ሸፍጥ ነው። ያኔ እሳቸው ሲጽፉ ዎርድ እንግሊዝኛ መስሎት የየአረፍተ ነገሩን መጀመሪያ ወደ ትልቅ ፊደል እየቀየረው ነበር፣ ትልቁ ፊደል ደግሞ በዛ ፎንት ሌላ ሆሄ ነው። ተራ ቃል ከሆነ ገምቼ አስተካክለዋለሁ። የጎጥ ስም ሲሆን ግን መገመት አልችልም፣ ካርታም ላይ የለም። እስካሁን አሥራ ሰባት ስም በወረቀት ጽፌያለሁ። ቅዳሜ ቤታቸው ሄጄ አንድ በአንድ እጠይቃቸዋለሁ።