ዋጋው ይውረድ፣ ፍተሻው አይጓደል

እኛ የሳይንስ ክበብ ተማሪዎች አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ብዙ ወጪ የማትጠይቅ ትንሽ አውሮፕላን በወረቀት ላይ መንደፍ ስንጀምር «ሞተሩን ከየት ታመጣላችሁ?» የሚለን ሰው በዛ። በእኛ እምነት ግን ከሞተር በፊት የሚጠየቀው ክብደት ነው። ጉልበቱ አነስተኛ የሆነ ሞተር የሚችለው ቀላል አካል ነው። አንድ ኪሎ በጨመርን ቁጥር ለመነሳት የሚያስፈልገው ሜዳ ይረዝማል። ናይሮቢ ደግሞ ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ስስ ነው፤ የሞተሩም የክንፉም ኃይል ይቀንሳል።

ፈረንሳዊው አንሪ ሚኜ እ.ኤ.አ. በ1933 ከእንጨትና ከጨርቅ የሠራት ባለአንድ መቀመጫ አውሮፕላን 17 የፈረስ ጉልበት ባለው ሞተር በራለች። ብዙ ሰዎች ንድፏን ተከትለው በየቤታቸው ሠሯት፤ አንዳንዶቹ ግን ተከስክሰው ሞቱ። በ1936 በነፋስ መሞከሪያ ዋሻ ስትፈተሽ፣ አፍንጫዋ ከመጠን በላይ ካዘቀዘቀ አብራሪው ሊያቃናት እንደማይችል ታወቀ። ጥፋቱ ርካሽ መሆኗ አልነበረም፤ ፍተሻው ከሞት በኋላ መምጣቱ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ወላጆቻችን አትስጉ። የምንጠይቀው ለመብረር አይደለም፤ አንድ ክፍል፣ ሚዛን፣ ለክንፍ የሚሆን እንጨትና የአሸዋ ከረጢት ብቻ ነው። ክንፉን ሠርተን እስኪሰበር ድረስ አሸዋ እንጭንበታለን፤ በስንት ኪሎና የት ላይ እንደተሰበረ እንመዘግባለን። መብረር የሚፈልግ ተማሪ አስቀድሞ መመዘንን ይልመድ እንላለን። መምህራንስ ምን ትላላችሁ?